ልጅቷን ለክለብ ከመስጠታችን በፊት

የልጅ ልጄ 16 ዓመቷ ነው፤ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ አንድ የአዲስ አበባ የአትሌቲክስ ክለብ ሊወስዳት ይፈልጋል። ነገሩ ለጫጫ አዲስ አይደለም፤ ሮጠው የሄዱ ልጆች አሉን፣ ሄደው የተመለሱም አሉን። ለቤታችን ግን የመጀመሪያው ስለሆነ ሦስት ወር ሙሉ ሌላ ወሬ አላወራንም። ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለው ጥያቄ በየከተማው የብዙ ሰው በር እንደሚያንኳኳ ስለማውቅ ነው። እግር ኳስ ይሁን ብስክሌት ወይም ሩጫ፣ አመጣጡ አንድ ነው። አንድ ሰው ሰዓት ይዞ ይመጣል፣ ደብተሩ ላይ ይጽፋል፣ ከዚያ «ልጅቷን ስጡኝ» ይላል።

ስለ ቤታችን ትንሽ ልበል። እኔ 34 ዓመት ሳይንስ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የልጅቷ አባት፣ ልጄ፣ በአዲስ አበባና በደሴ መካከል አይሱዙ ይነዳል። እናቷ ሁለት የፈረንጅ ላሞች አሏት፣ ወተት ታስረክባለች። ሁላችንም አንድ ግቢ ውስጥ ነን። ጠዋት ወተቱን የምታደርሰው ልጅቷ ናት። ስትሄድ እንዳይፈስባት ቀስ ብላ ነው፤ ስትመለስ ግን ባዶውን ዕቃ አንጠልጥላ በሩጫ ነው የምትገባው። ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ውርጩ ባቄላ በሚያቃጥልበት አገር፣ እንዲህ እየሮጠች ያደገች ልጅ ሳንባዋ ቢጠነክር አይገርምም።

ጥር ላይ ደብረ ብርሃን በተደረገ የተማሪዎች ውድድር 3,000 ሜትር ሮጣ ሁለተኛ ወጣች። ጫማው የተዋሰችው ነበር፣ አንድ ቁጥር ይበልጣታል። ሳምንት ሳይሞላ አሰልጣኙ ቤታችን መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ ባለቤቴ ያፈላችው ቡና በረካ እስኪደርስ ድረስ ስለመጣበት ጉዳይ ትንፍሽ አላለም። ከዚያ «ጋሼ፣ ይቺ ልጅ ሞተር አላት» አለኝ። ባለቤቴ ከረከቦቱ ቀና ብላ «ምን አላት?» አለች። ልብና ሳንባዋን ማለቱ እንደሆነ እስክናስረዳት ድረስ የሆነ በሽታ መስሏት ነበር።

ያቀረበልን ነገር ይህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ መኝታ፣ ምግብ፣ ትጥቅና ጫማ ከክለቡ። በየወሩ የኪስ ገንዘብ፣ መጠኑም ከእኔ ጡረታ ይበልጣል። ትምህርቷን በማታው ክፍለ ጊዜ ትቀጥላለች። ሌሎች ልጆችም ስላሉ መልሱን በሳምንት ውስጥ ይፈልጋል። ልጄ ያን ቀን እቤት ነበርና ዓይኑ በራ። እናቷ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ልጅቷ በሩ ጥግ ቆማ የምትሰማ መሆኗን ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጫጫ ውስጥ የሩጫ ክርክር ሁሉ የሚጀምረው በጌጤ ዋሚ ነው። የእኛ ልጅ ናት፣ እዚሁ ነው የተወለደችው። ልጄም «ጌጤን እያት እንጂ!» ብሎ ነው ከእናትየው ጋር ክርክሩን የከፈተው። እኔም «እሺ፣ እንያት» አልኩ፤ የመምህርነት ነገር ሆኖብኝ ወረቀት አወጣሁ። ጌጤ አትላንታ ላይ በ1988 ዓ.ም. በ10,000 ሜትር ነሐስ ስታገኝ 21 ዓመቷ ነበር። በ1991 ዓ.ም. ሴቪያ ላይ በዚያው ርቀት የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በ1993 ዓ.ም. መስከረም ሲድኒ ላይ ከደራርቱ ቱሉ ቀጥላ ብር ወሰደች፣ በ5,000 ሜትርም ነሐስ ጨመረች። ከዚያ ወልዳ ተመለሰች፤ በርሊን ማራቶንን በ1999 እና በ2000 ዓ.ም. መስከረም ተከታትላ አሸነፈች። ሁለተኛውን በርሊን ስታሸንፍ 32 ዓመቷ ነበር፤ አምስት ሳምንት ቆይታ ደግሞ ኒውዮርክ ላይ ሮጣ ሁለተኛ ወጣች።

ለልጄ ያሳየሁት የዓመቱን ብዛት ነው። ከአትላንታ እስከ ሁለተኛው በርሊን 11 ዓመት አለ። ጌጤን ጌጤ ያደረጋት በ16 ዓመቷ የነበራት ፍጥነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ስሟን አሁን የሚያውቀው የክፍል ጓደኛዋ ብቻ ነበር። 32 ዓመት ድረስ የሚያደርስ እግርና ልብ ነው ነገሩ። እንዲያውም ወደ ኋላ ከሄድን፣ ከእኛ ብዙም በማይርቀው በመንዲዳ በኩል፣ ጃቶ የተወለደው አበበ ቢቂላ ሩጫን የያዘው ክቡር ዘበኛ ከገባ በኋላ ነው። ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ዕለት፣ 28 ዓመቱ ነበር።

አሰልጣኙ በሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ይህንኑ ነገርኩት። እሱም ጥሩነሽ ዲባባን አነሳብኝ። ልክ ነው፤ ጥሩነሽ ከበቆጂ አዲስ አበባ የመጣችው በ14 ዓመቷ ነው። የትምህርት ቤት ምዝገባ አልፎባት ማረሚያ ቤቶች ክለብ ገባች፤ በ18 ዓመቷ፣ በ1995 ዓ.ም.፣ ፓሪስ ላይ በ5,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ቀድማ ባትሄድ ኖሮ ይህ ሁሉ ይቀር ይሆን? ይቀር ይሆናል። ይህን ክርክር አሰልጣኙ አሸንፏል፣ አልካድኩም።

ሆኖም ከተራራው ጫፍ ላይ የቆመውን ሰው ብቻ እያየን ስንት ሰው መንገድ እንደጀመረ አንቆጥርም። እኔ ደግሞ በዚህች ከተማ አስተማሪ ስለነበርኩ ሳልፈልግ ቆጥሬያለሁ። አንድ ተማሪዬ ከ9ኛ ክፍል ተወስዶ ሄደ። የቅልጥሙ አጥንት ተሰነጠቀ፣ ሳይድን ደጋግመው አሮጡት፣ በ20 ዓመቱ ሻንጣውን ይዞ ተመለሰ። ዛሬ ባጃጅ ይነዳል፤ ሲያገኘኝ ሒሳብ አይቀበለኝም፣ ይህም ያሳፍረኛል። ሌላዋ ደግሞ አንድም ቀን በቴሌቪዥን ታይታ አታውቅም፤ ሜዳሊያም የላትም። የገባችበት ክለብ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስለነበር ደመወዝ፣ የሥራ መደብና ማዕረግ አገኘች፤ ሩጫውን ስታቆም ሥራው አልቆመባትም፤ ለእናቷ ቆርቆሮ ቤት ሠራች። ባለቤቴ እንደምትለው ከሁለቱ ማን የተሻለ እንደሮጠ ብትጠይቁ ልጁ ነበር።

ሜልቦርን የሚኖር የእህቴ ልጅ አለ። በስልክ ሲያገኘኝ ጉዳዩን አጫወትኩት። «አጎቴ፣ እዚህ አገር ይሄ ራሱን የቻለ ሳይንስ ነው» አለኝ። አውስትራሊያውያን የራሳቸው የእግር ኳስ ዓይነት አላቸው፤ እንቁላል የመሰለ ኳስ በእጅም በእግርም እየመቱ በትልቅ ሞላላ ሜዳ ላይ የሚጫወቱት። «በየዓመቱ ኅዳር ላይ ድራፍት አለ፣ አገሩ ሁሉ እሱን ነው የሚያወራው» ሲለኝ እኔ የመሰለኝ ቢራው ነው። ለካ የታዳጊዎች መምረጫ ቀን ነው።

እንዳስረዳኝ ከሆነ 18 ክለቦች በተራ በተራ ልጆችን ይመርጣሉ። ደካማው እንዲጠናከር በዓመቱ መጨረሻ ላይ የወጣው ክለብ ቅድሚያ ያገኛል። ልጁ ክለቡን አይመርጥም፤ ሜልቦርን ያደገው ልጅ ፐርዝ ሊደርሰው ይችላል፣ ያ ደግሞ በአውሮፕላን አራት ሰዓት ያህል ነው። በዚያ የፈረንጆች ዓመት 18 ዓመት የማይሞላው ልጅ ግን አይመረጥም። ክለቦቹ ከመምረጣቸው በፊት የልጁን የ20 ሜትር ፍጥነት፣ የዝላይ ከፍታና የሁለት ኪሎ ሜትር ሩጫ ይለካሉ፤ የጉዳት ታሪኩን በሐኪም ያስመረምራሉ፤ ቁጭ አድርገው ያነጋግሩታል። ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ናፍቆትን እንኳ እንደ አንድ አደጋ መመዘናቸው ነው። ይህ ልጅ ከእናቱ ርቆ ይቆያል ወይስ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ወደ አገሬ መልሱኝ ይላል ብለው ይጨነቃሉ። የጎበዝ ልጅ ዋጋ በዚህ ምክንያት ዝቅ ሊል ይችላል።

ይህን ሰምቼ ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። ያ ሁሉ ምርመራ የሚደረገው ክለቡ እንዳይከስር ነው። ክለብ ቢሳሳት በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ይመርጣል። የእኛውም ክለብ አሥር ልጅ ወስዶ አንዷ ብትሳካለት ሥራውን በሚገባ ሠርቷል ይባላል፣ ዘጠኙ ስማቸው ከደብተሩ ላይ ይሰረዛል። ይህን ስል ክለቡን መውቀሴ አይደለም፤ ሌላ ሊያደርግም አይችልም። እኛ ግን ዘጠኝ መለዋወጫ የለንም። ስለዚህ አሰልጣኙ የሚጠይቀውና እኛ የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ መሆን አይችልም። እሱ «ትልቅ ሯጭ ትሆን ይሆን?» ብሎ ቢጠይቅ ያምርበታል። የእኛ ጥያቄ «በ20 ዓመቷ ሩጫው ቢቆም እጇ ላይ ምን ይኖራል?» ነው። ይህ ከተገኘ በኋላ ቤት ውስጥ የነበረው ጩኸት ቀነሰ፤ ልጄና ሚስቱም ቢሆኑ ሜዳሊያ ያምጣ አያምጣ እያሉ መጨቃጨቁን ተዉት።

በእናቷ በኩል የነበረው ሐሳብ ቀላል ነው፤ «ትማርልኝ»። እኔም አስተማሪ ነኝና ወደዚያው አደላ ነበር። ነገር ግን እውነቱን እንናገር ከተባለ ትምህርቱም ዛሬ የተረጋገጠ መንገድ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። ይህን ቁጥር የነገረችን ልጅቷ ራሷ ናት። እራት ላይ ነበርን፤ «አባባ፣ ከመቶ ሦስትና አምስት ሰው የሚያልፍበትን ነው እንግዲህ ዋስትና የምትሉኝ?» አለች። እናቷ ትቆጣት ይሆን ብዬ ብፈራም እሷም መልስ አልነበራትም። በዚያ ላይ ባለፉት ዓመታት መንገድ ሲዘጋ፣ ትምህርት ሲቋረጥና ሲቀጥል ያየን ሰዎች ነን።

እናም ሁለቱም በሮች ጠባብ ናቸው። ልዩነቱ አንዱን ስትገቢ ሌላው ይዘጋብሻል ወይስ አይዘጋብሽም የሚለው ነው። 10 ኪሎ ሜትር ሮጠው ማታ 12 ሰዓት ላይ ክፍል የሚገቡ ልጆችን አስተምሬ አውቃለሁ፤ በ20 ደቂቃ ውስጥ ጭንቅላታቸው ዴስኩ ላይ ነው። የማታ ትምህርት የሚሉት ነገር ለእኔ ትምህርት አይደለም።

የጤናው ነገር ደግሞ ብቻውን ብዙ ጊዜ ወሰደብን። ደብረ ብርሃን የምትሠራ የቀድሞ ተማሪዬ፣ ዛሬ ሐኪም፣ እኔንና የልጅቷን እናት አስቀምጣ ያለ ሐፍረት አስረዳችን፤ እኔም ያለ ሐፍረት ልጻፈው፣ ሴት ልጅ ያላችሁ ይጠቅማችኋል። ብዙ የምትሮጥ ልጅ የምትበላው ከምታወጣው ጉልበት ካነሰ ሰውነቷ መቆጠብ ይጀምራል። መጀመሪያ ከሚቋረጡት ነገሮች አንዱ የወር አበባ ነው። አንዳንድ ሰዎች ይህን የጠንካራ ልምምድ ምልክት አድርገው ያዩታል፤ ሐኪሟ ግን የአደጋ ደወል ነው አለችን። በዚህ ዕድሜ አጥንት ገና እየጠነከረ ነው፤ የወር አበባ ለወራት ሲቀር አጥንቱ ይሳሳል፣ ከዚያም የመሰንጠቅ ጉዳት ይከተላል። ደም ማነስም አለ፤ ልጅቷ ደከመኝ ስትል ሰነፍ የምትባለው ብዙ ጊዜ በብረት እጥረት ነው። «ክለቡን ስለ ሜዳው ከመጠየቃችሁ በፊት ስለ ወጥ ቤቱ ጠይቁ» አለችን።

ባለቤቴ ይህን ስትሰማ የሁዳዴን ነገር አነሳች። 55 ቀን በጾም፣ በቀን ሁለት ጊዜ ልምምድ፣ እንዴት ይሆናል? እኛ ጾም የምናከብር ቤተሰብ ነን። እሷው ራሷ ነገሩን ወደ ንስሐ አባታችን ወሰደችው። የመለሱላትን ለራሷ ይዛዋለች፤ ብቻ ከዚያ ወዲህ በዚህ ጉዳይ አትጨነቅም።

ሌላው የጤና ጥያቄ ርቀቱ ነው። ገንዘቡ ያለው ጎዳና ላይ ስለሆነ ልጆችን ከመም አውጥቶ ቶሎ ወደ ረጅሙ ሩጫ መግፋት አለ። የዓለም አትሌቲክስ ደንብ እንኳ በታላላቅ ሻምፒዮናዎች 20 ዓመት ያልሞላውን ማራቶን አያስሮጥም። ትዕግሥት አሰፋ በ2008 ዓ.ም. ሪዮ ላይ አገሯን የወከለችው በ800 ሜትር ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. መስከረም በርሊን ላይ ማራቶንን በ2፡11፡53 ጨርሳ በወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችው ያቺው ትዕግሥት ናት። ማራቶን አይሄድም፣ ይጠብቃል። ይህን አሰልጣኙም ያውቃል፤ ከእሱ በላይ ያሉ ሰዎች ያውቁ እንደሆነ ግን እንጃ።

በመሀል ሌላ ሰውም መጥቶ ነበር፤ ከክለብ ሳይሆን በራሱ የሚንቀሳቀስ፣ ልጆችን አገናኝቶ ድርሻ የሚወስድ። ውጭ አገር ላወዳድራት እችላለሁ አለ፤ ቀጥሎም የልደት ማስረጃዋን ሁለት ዓመት ዝቅ ብናደርገው ከታዳጊዎች ጋር ሮጣ በቀላሉ ታሸንፋለች አለን። ባለቤቴ እስኪጨርስ ጠበቀችውና «ልጄ፣ እሷ የተወለደችው በጥቅምት ሚካኤል ማግስት ነው፤ እኔ ነኝ ያዋለድኳት። ያን ቀን የት ልውሰደው?» አለችው። ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ። በውሸት ዕድሜ ያሸነፈች ልጅ ዕድሜ ልኳን ወረቀቷን እየፈራች መኖሯ ሳያንስ፣ ከእውነተኛ እኩዮቿ ጋር ስትገናኝ ምን ያህል እንደምትችል እንኳ አታውቅም።

ከሁሉ በላይ የከበደን ግን በግልጽ ለመናገር የሚከብደው ነው። የ16 ዓመት ሴት ልጅ፣ ከቤቷ 110 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ምግቧም ጫማዋም የውድድር ዕድሏም በአንድ ሰው ፈቃድ ሥር ሲሆን፣ ያ ሰው ምንም ጨዋ ቢሆን፣ እምቢ ማለት የምትችልበት ቦታ ሊኖራት ይገባል። ማታ መኝታ ቤቱን የምትጠብቅ ሴት አለች ወይ? ቁልፉ በማን እጅ ነው? ልጅቷ ቅሬታ ቢኖራት ከአሰልጣኙ ሌላ ለማን ትናገራለች? አሰልጣኙ ይህን ስጠይቀው ፊቱ ተለዋወጠ፤ የተጠረጠረ መሰለው። «አንተን አይደለም፤ አንተ ነገ ክለብ ብትቀይር የሚተካህን ሰው ነው» አልኩት። ያኔ ገባው፣ እሱም የሴት ልጅ አባት ነው።

ልጅቷን ራሷን ፊት ለፊት ጠይቀናት የማናውቅ መሆኑን ያስታወሰችን እናቷ ናት። አሰልጣኙ ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ጠርተን አስቀመጥናት። መሄድ ትፈልጊያለሽ ወይ ስንላት «እፈልጋለሁ» አለች፣ ሳታመነታ። የምትጠይቂው ነገር አለሽ ወይ አላት አሰልጣኙ። ስለ ውድድር ወይም ስለ ጫማ ትጠይቃለች ብለን ስንጠብቅ «ብታመም ማን ያስታምመኛል?» አለች። «ክለቡ ሐኪም አለው» አላት። «ሐኪም አላልኩም እኮ፤ የሚያስታምመኝ ነው ያልኩት» አለች። አሰልጣኙ ብዙ ልጆች መልምሏል፤ እንደዚያ ዝም ሲል ግን አላየሁትም። በመጨረሻ «ይህን ጠይቄ እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ። እኔም እዚያች ላይ ሰውየውን ወደድኩት፤ የማያውቀውን አውቃለሁ አላለም።

ከዚያ በኋላ የምንፈልገውን በጽሑፍ አደረግነው። በቤተሰብ ሕጋችን 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ አካለ መጠን አላደረሰምና ፊርማው የወላጆቿ ነው፤ ክለቡ ያለዚያ ፊርማ ሊያስፈርማት አይችልም። ብዙ ወላጅ ይህ ፊርማ ጉልበት መሆኑን አያውቅም፣ ሩጫው እንዳያመልጠው ብሎ ባዶ ወረቀት ላይ ጭምር የሚፈርም አለ። እኛ ስንጽፍ መጀመሪያ ያሰፈርነው ትምህርቱን ነው፤ 11ኛና 12ኛን በቀን ትምህርት ቤት ትማር፣ ልምምዱ በጠዋትና በአሥር ሰዓት ይሁን። ገንዘቡ በእሷ ስም፣ በእናቷ ሞግዚትነት በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይግባ። ከመሄዷ በፊት ሙሉ የጤና ምርመራ ይደረግላት፣ በየስድስት ወሩም ደሟ ይታይ፣ ውጤቱ ለእኛም ይድረስ። የሚሰጣትን ማንኛውንም መርፌም ሆነ ክኒን ስሙን በስልክ ትነግረን፤ የተከለከለ መድኃኒት ሳታውቀው ብትወስድ የምትቀጣው እሷ ናትና። ከማንኛውም ማናጀር ጋር 18 ዓመት ሳይሞላት አትፈራረም። 20 ዓመት እስኪሞላት ከመም አትውጣ። ጉዳት ቢደርስባት ለስድስት ወር ከክለቡ አትባረር። ለገናና ለፋሲካ ትምጣ፤ ይህ የባለቤቴ አንቀጽ ነው፣ ሌላው ሁሉ ቢቀር እሱ አይቀርም ብላለች።

ልጄ ወረቀቱን አንብቦ «አባባ፣ ይሄን አይተው ሌላ ልጅ ይወስዳሉ» አለኝ። ሊሆን ይችላል። ልጄ የሚያስበው ጠፍቷል ብሎ የሚነቅለውን ፍሬ ነው፤ እሱ ራሱ በ19 ዓመቱ የመኪና ረዳት ሆኖ ነው የጀመረው፣ ዕድል ሁለት ጊዜ እንደማትመጣ የሚያምን ሰው ነው። አልፈርድበትም። ይሁንና 20 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ደብረ ብርሃን የአትሌቲክስ ማሰልጠኛ ማዕከል አለ፤ ይህ ክለብ እምቢ ቢል እዚያ የሚደረገውን ምልመላ ትሞክራለች። መከላከያ፣ ዛሬ መቻል የሚባለው፣ ፌዴራል ፖሊስ፣ ማረሚያ ቤቶች፣ ንግድ ባንክ፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክ፣ እነዚህ ሁሉ ክለብ አላቸው። በ18 ዓመቷም ቢሆን ጥሩ ሰዓት ያላትን ልጅ የሚመልስ የለም። የሚያስቸኩለው ክለቡ እንጂ እግሯ አይደለም።

ክለቡ ባለፈው ሳምንት መልሱን ላከ። የቀን ትምህርቱን ተቀብሏል፤ በአቅራቢያው ካለ ትምህርት ቤት ጋር እንነጋገራለን ብሏል። ባንኩን፣ ምርመራውን፣ ማናጀሩን ተቀብሏል። መኝታ ቤቱን የምትጠብቅ ሴት እንዳለች ገልጾ ስልኳን ልኮልናል፤ ባለቤቴ ደውላ 40 ደቂቃ ስታወራ የካርዱ ሒሳብ አለቀ፣ የሰላሌ ሰው ናት አሉ። ብትታመም የምታስታምማትም እሷው መሆኗን ተስማምተዋል። ሁለቱን ነጥቦች ግን አልፈረሙም። አንደኛው ከመም አለመውጣቷ ነው፤ «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚል ቃል ጽፈውበታል። ሌላው በጉዳት ጊዜ ያለው ስድስት ወር ነው፤ በሦስት ወር ይሁን ብለዋል። ልጄ ሦስት ወር ይበቃል ይላል። እናቷ ሐኪሟን ጠይቃ የተሰነጠቀ አጥንት ተሽሎ ወደ ሙሉ ልምምድ ለመመለስ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ጽፋ ይዛለች፤ ወረቀቱን መሶብ ላይ አስቀምጣዋለች።

ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ልጄና እኔ አዲስ አበባ ወርደን ክለቡን በዓይናችን እናያለን። መኝታውን፣ ወጥ ቤቱን፣ ትምህርት ቤቱንና አሁን ተጎድተው የተቀመጡ ልጆች ካሉ እነሱን ማነጋገር እፈልጋለሁ። ልጅቷ ጠዋት ጠዋት ወተቱን አድርሳ በአንጎለላ መንገድ አንድ ሰዓት ትሮጣለች። እናቷ ከላሞቹ የአንዷን የጠዋት ወተት ለገበያ መስጠት አቁማለች፤ ለማን እንደሆነ አልጠየቅናትም።